መጣሁ ብላ የሄደችው

ከኋላ ያላችሁ ለቀስተኞች እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሰልፍ አያስፈልግም። ለሟች ክብር ሲባል የግድ እንሰለፍ ያላችሁ ወንድሞች ሐሳባችሁ ተመዝግቧል፤ ውሳኔው ሲደርስ እናሳውቃለን።

የሕይወት ታሪኳን እንዳነብ የተመረጥኩት ከቤተሰብ ስለምቆጠር ነው። ለ3 ሳምንት ተክቻት፣ ማለትም ውስጧ ተቀምጬ፣ ሠርቻለሁ። ሌላው ሁሉ የሚያውቃት ከውጭ ነው፣ ዝግ ሆና።

የግቢያችን ፖስታ ቤት ከአባታቸው ከአንድ የእንጨት መስኮትና ከእናታቸው ከአንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ከመዝናኛ ክበቡ ጀርባ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር ከትልቅ ቤት ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ካቋቋሙት የፖስታ አገልግሎት ይመዘዛል። ቅድመ አያቶቻቸው ፓሪስ ታትመው የመጡት 7 ቴምብሮች ናቸው፤ 4ቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ 3ቱ አንበሳውን የተሸከሙ። በ1901 ዓ.ም. ቤተሰቡ የዓለም ፖስታ ኅብረት ውስጥ ገብቶ ከባሕር ማዶ ሰው ጋር ተዛመደ። ከዚያ ሁሉ ንጉሥና አንበሳ በኋላ ልጅ ልጃቸው እዚህ ግቢ መጥታ… ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ በአንቱታ መቀጠል አልችልም። አቁማ እያስጠበቀች ያኖረችኝን ቤት አንቱ ለማለት ምላሴ እምቢ ይለኛል።

ትሑት ነበረች፣ ታታሪ ነበረች፣ ሰው አክባሪ ነበረች የሚል አንድ ገጽ እዚህ ተጽፏል። እሱን እዘለዋለሁ። ሁላችሁም ወደምታውቁት ጉዳይ እንግባ።

ካርቶኑ።

የሳሙና ካርቶን ክዳን ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቀለሙ እስኪወፍር ተደጋግሞ የተጻፈበት፣ በሲባጎ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ። የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «መጣሁ»። በየትኛውም ሌላ ሀገር ይህን ቃል የሚለው የመጣ ሰው ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን «መጣሁ» የሚል ሰው ጀርባው ነው የሚታየው። ሰዓት የለውም፣ ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣሁ። 5 ሰዓት ላይ መጣሁ። ከምሳ በኋላ፣ በእርግጥ፣ መጣሁ። አንድ ክረምት ዝናብ መትቶት «መ» ከነሆዷ ታጥባ «ጣሁ» ብቻ ቀርታ ነበር። ያስተካከላት ሰው አልነበረም። እኛም ቅሬታ አላቀረብንም፤ የጎደለውን እየሞላን እናነብ ነበር። ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምረቃው ግቢው ውስጥ ኖሮ የዚያች ክፍል ግድግዳ ከውስጥ ምን ቀለም እንደሆነ የማያውቅ ሰው ከመካከላችሁ አለ። አረንጓዴ ነበር። ነፍስ ይማር።

መቼም የሀገሬ ሰው ለሞተ ሰው ደግ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ንፍሮው ላይ አንዷ እህታችን «ያኔ ሠራተኛው መስኮቱን የሚዘጉት በየዶርሙ እየዞሩ ለታመመ ተማሪ ደብዳቤ ሊያደርሱ ይሆናል» ስትል ሰማሁ። እህቴ፣ እንባሽን ቆጥቢ። ተክቼ ስሠራ አረጋግጫለሁ። ዳማ ነበር። ከጥበቃዎቹ ጋር፣ ከዋናው በር አጠገብ፣ ጥላው ስር። ቆርኪዎቹ የሚቀመጡትም ፖስታ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ የት እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የመስኮቱ ሠራተኛ በጥቅምት 1995 ዓ.ም. ለዘመድ ተዝካር ወደ ገጠር ሄዱ። እኔ ያኔ መዝገብ ቤት አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ አለቃዬ ጠርቶ «ለ3 ሳምንት ተጠባባቂ ሁን» አለኝ። ሰው አንድ ቦታ ተጠባባቂ ሲባል ሹመት ይመስላል። እኔ የተሾምኩት የሚጠብቁኝን ሰዎች እንድጠብቅ ነው። ጋሼ ቁልፉን፣ የቀን ማኅተሙን፣ ሚዛኑንና ቴምብር ማርጠቢያውን ስፖንጅ አስረከቡኝ። ስፖንጁ ደርቆ የጫማ ሶል መስሏል፤ እሳቸው ለ20 ዓመት በምላሳቸው ነው የሠሩት። በር ላይ ከደረሱ በኋላ ተመለሱና «ልጄ፣ ደብዳቤ መጣልኝ ወይ ብሎ ለሚጠይቅህ ሰው ‹የለም› እንዳትል» አሉኝ። «‹ገና ነው› በል።» ሌላ ሥልጠና አልተሰጠኝም።

ጥቅምት መሆኑን ልብ በሉ። የዲቪ ወር ነበር፣ ያውም በወረቀት የሚላከው ዲቪ የመጨረሻው ዓመት፤ በዓመቱ ወደ ኢንተርኔት ዞረ። መስኮቷ በዕድሜዋ እንደዚያ ተፈልጋ አታውቅም። ሰልፉ ክበቡን ዞሮ የኳስ ሜዳው ድረስ ይደርሳል። ሁሉም የሚልከው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ነው፤ የከተማዋ ስም ደግሞ አድራሻው ላይ «ማይግሬት» ይላል፣ «ተሰደድ» እንደማለት። ሰው ያንን አድራሻ ሲጽፍ ያየሁት ጥንቃቄ ለፈተና ወረቀት እንኳን ሲሆን አላየሁም። ፎቶው በስቴፕለር አይመታ፣ በፕላስተር ይለጠፍ። የትውልድ ሀገር፣ ስምና አድራሻ በፖስታው የላይኛው ግራ ጥግ ይጻፍ። ከአንድ በላይ የላከ ይሰረዛል። ይህን የሚያውቅ አንድ የኢንጂነሪንግ ልጅ 5 ፖስታ ይዞ መጣ፤ 4ቱ የወንድሞቼ ናቸው አለ። ፎቶዎቹን አየሁ። መንታ መንታ ወንድሞች ነበሩት፣ ሁሉም አንድ ሹራብ የሚለብሱ። ማኅተሜን መታሁለት፣ ምን አገባኝ።

በ4ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ ውስጥ 30 የሚሆን ሰው እያለ፣ እጄ ወደ ካርቶኑ ሄደች። ማኪያቶ አማረኝ። ወገኖቼ፣ ሟችን ስወቅስ የቆየሁ ሰው ስለሆንኩ ይህን መናዘዝ አለብኝ፦ ያንን ካርቶን ሚስማሩ ላይ እንደ መስቀል ያለ ደስታ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው ያገኘሁት። ሰልፈኛው አንድም ቃል አልተናገረም። ግማሹ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለምደውት ነበር።

አሁን ስለ መደርደሪያው። ያሠራው ሰው የተማረ መሆን አለበት፤ አናጺውን በፊደል ቁጥር ልክ 33 ሣጥን አሠርቶታል። ከሀ እስከ ፐ። ችግሩ የኛ ሰው ስሙን እንደ ቸርነቱ ነው የሚጽፈው። ኃይሉ አንድ ቀን በ«ኃ»፣ አንድ ቀን በ«ሀ» ይመጣል። እናቱ በ«ሐ» ትጽፍለታለች፣ እጮኛው የምትችለውን ትጽፋለች። ጋሼ ይህን በዘዴ ፈትተውት ነበር፤ የ«ሀ» ዘር ሁሉ «ሀ» ሣጥን፣ የ«አ» ዘር ሁሉ «አ» ሣጥን፣ የ«ሰ»ም እንዲሁ። የተረፉት ሣጥኖች ጡረታ ወጥተዋል። «ኀ» ውስጥ መነጽራቸው፣ «ሠ» ውስጥ ስኳር፣ «ዠ» ውስጥ፣ ቃል በገባሁት መሠረት፣ የዳማው ቆርኪ።

እኔ ግን መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሥርዓት ይገባኛል። ስኳሩን አውጥቼ፣ መነጽራቸውን መሳቢያ ከትቼ፣ እያንዳንዱን ደብዳቤ ፖስታው ላይ እንደተጻፈው በየፊደሉ አስገባሁት። ዓይኑ «ዐ» ራሱን ቻለ። 2 ቀን ፈጀብኝ። ሲያልቅ ራቅ ብዬ ቆሜ አየሁት፣ ደስ አለኝ።

የሕግ 2ኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ልጅ ነበር፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ደብተሩን በብብቱ። በየቀኑ ይመጣል። ዲቪ አይልክም፣ ቴምብር አይገዛም፣ ሰልፉን ጠብቆ ተራው ሲደርስ ስሙን ይነግረኛል። በ«አ» ብሎ ነገረኝ። «አ» ሣጥንን አገላብጣለሁ። «ገና ነው።» «እሺ፣ አመሰግናለሁ።» ይሄዳል። ካርቶኑ ተሰቅሎ ሲያገኘው እንኳን ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ማኪያቶዬን ጨርሼ ስመጣ እዚያው አገኘዋለሁ። አንድ ቀን ከማን እንደሚጠብቅ ጠየቅሁት። «ከአባቴ» አለኝ። «እሱ አይጽፍም፣ ታናሽ እህቴን ነው የሚያስጽፋት። ቶሎ ነበር የሚመልሱልኝ።» 3 ሳምንቴን እስክጨርስ «ገና ነው» ስለው ቆየሁ። ጋሼ ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስኳራቸውን ነው።

ገዳይዋ ማን ነው ትሉኝ ይሆናል። ስልክ ነው የሚል አለ። ስልክ አስከሬኑን ነው ያገኘው። እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ፤ ስሙን አልጠራም፣ ለቅሶው ላይም አልመጣም። አንድ ስብሰባ ላይ የለውዝ ቅርፊት እየፈተገ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ መስኮቷ እንድትዘጋ መወሰኑን አሳወቀን። በደብዳቤ። ቁጥርና ቀን ያለው፣ በክብ ማኅተም የጸና፣ በግልባጭ ለ6 ክፍል የተበተነ።

ባለፈው ክረምት ሊያፈርሷት ሲመጡ እኔ ተገኘሁ። ካርቶኑን ፈልጌ ነበር፣ አንዱ የቀን ሠራተኛ ቀድሞኝ ተቀምጦበታል። መደርደሪያውን ከግድግዳው ሲነቅሉት ከኋላው ብዙ አቧራ፣ 3 ቆርኪና አንድ ፖስታ ወደቀ። የ«ዐ» ሣጥን ጀርባው ተሰንጥቆ ነበር። ሥራ ላይ የነበረ ሣጥን ስላልሆነ ያስተዋለው የለም፤ ጋሼ ያውቁ ኖሯል መሰለኝ።

ፖስታው ላይ የልጅ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ፊደሉ ወደ ላይ እያዘነበለ። ስሙ በዓይኑ «ዐ» ተጽፏል፤ እህትየው ጎበዝ ተማሪ ነበረች። ጀርባውን ገለበጥኩት። የመድረሻ ማኅተም አለው፣ የጥቅምት 1995። ማኅተሙ ወደ ግራ ተጣሟል። ጋሼ ቀጥ አድርገው ነው የሚመቱት፤ ወደ ግራ የሚያጣምመው እኔ ነኝ።

አልከፈትኩትም። ሬጅስትራር ሄጄ አስፈለግሁት፣ ከተመረቀ ስንት ዘመኑ። ያገኘሁት የተማረበትን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው። በዚያ አድራሻ 2 ጊዜ ጻፍኩለት። ገና ነው።

እግዚአብሔር ያጥናችሁ። ያ ልጅ ከለቀስተኛው መካከል ካለ ከድንኳኑ በስተቀኝ ቆሜያለሁ፤ ደብዳቤህ መጥቷል። መታወቂያ አልጠይቅም።