«ጋራ አይበላ!» ላሉት ጋሼ

«ለአንድ ጋራ ይህን ያህል ሰው ማለቁ ጀግንነት ነው? ጋራ አይበላ!» ይላሉ ጋሼ፣ የደርግ ዘመን ጦርነት ሲነሣ፣ ጫግኒ ላይ ቆመው።

ጋሼ፣ ከእንጅባራ ተገንጥሎ በደጅዎ ወደ ግልገል በለስ የሚወርደው መንገድ አንድ ወር ቢዘጋ ጨውና ጋዝ በየት ይገባል? በርበሬና ሰሊጥስ በየት ይወጣል? ወታደርም ገዢ መሬት ይዞ የሚሞተው ለድንጋዩ ብሎ አይደለም። ከሥሩ ስንቅ፣ ጥይት፣ ነዳጅና ቁስለኛ የጫነ መኪና ስለሚያልፍ ነው። ጋራውን የያዘ መኪናውን ያሳልፋል ወይም ያስቀራል።

«ለቆ ነገ ይመለስበት ነበራ! መሬት የት ይሸሻል?»

መሬቱስ አይሸሽም፤ የሚሸሸው ስንቁ ነው። ምጽዋ የካቲት 1982 በሻዕቢያ እጅ ስትገባ አስመራ ዙሪያ የነበረው ሠራዊት ባሕሩ ተዘጋበት፤ ከዚያ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ፣ ከዓመት በላይ፣ በአውሮፕላን በሚመጣለት ነገር ኖረ። ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እዚያው ምጽዋ ላይ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ማጥፋት መረጡ።

«አንዱ ቢሄድ ሌላው አለ።»

ሽሬ ይመልስልዎት! የካቲት 1981 እንዳሥላሴ ላይ የደርግ 604ኛው ኮር ሲደመሰስ፣ መቀሌ የነበረው ጦር ከተማዋን ሳይዋጋላት ለቅቆ ወጣ። በእኛም ቤት ያው ነው። ኢሕአዴግ የካቲት 1983 ዘመቻ ቴዎድሮስን ሲከፍት ባሕር ዳር ከነዐባይ ድልድይዋና ከነአውሮፕላን ማረፊያዋ ተያዘች፤ ጎጃምም ብዙ አልቆየ። ተዋጊው ዐባይን ተሻግሮ ወለጋ ገባ፤ በግንቦት 20 አዲስ አበባ ነበር።

«እንዲያ ከሆነ ሁሉንም ሙጥኝ ማለት ነዋ!»

የለም ጋሼ! ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ሻዕቢያ በ1970 እና በ1971 ከረንን ጨምሮ የያዛቸውን ከተሞች እየለቀቀ ናቅፋ ተራሮች ውስጥ ገባ። በ1974 የቀይ ኮከብ ዘመቻ ያን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ሲመጣበት ግን ከምሽጉ አልተነቃነቀም። ብዙውን የለቀቀው አንዱን ለመያዝ ነው። ደርግስ? የናደው ዕዝን አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔን በየካቲት 1980 ረሸነ፤ በመጋቢት የዕዙ መቀመጫ አፍአበት ከነከባድ መሣሪያው በሻዕቢያ እጅ ገባ። ግንባሩን የሚያውቀውን ሰው ገድሎ ግንባሩን ጠብቁልኝ ይባላል? የተረፈውስ መኮንን «ይህ ቦታ አያዋጣም፣ እንልቀቅ» ብሎ በየትኛው አንደበቱ ይናገር?

«ቢሆንም ያ ወታደር ድንጋይ ጠባቂ ነበር።»

ይህን እንኳ አይበሉ፤ ነውር ነው። ጋራውን የመረጠው እሱ አይደለም። ከገበያና ከማሳ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደ የጎረቤትዎ ልጅ ነው። የጠበቀው ከኋላው የቆሰለ ጓዱን የጫነው መኪና እስኪያልፍ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ባለው ምሽግ ውስጥ የነበረውም የእናት ልጅ ነው። መስደብ ካማረዎት ለሽንፈት ጄኔራል የረሸነውን የደርግ መሪ ይስደቡ። እሱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ጦሩን ምሽግ ውስጥ ትቶ በአውሮፕላን ወጥቷል፤ ዚምባብዌ ገብቷል።