የጎሪላው እድር

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑ ውስጥ መካነ አራዊት ከፍቷል። ፕላኔት ዙ ይባላል፤ የእንግሊዙ ኩባንያ ፍሮንቲየር በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጨዋታ ነው። መጀመሪያ «ሥራ አጣህ?» ብዬው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንበር ስቤ አጠገቡ ተሰየምኩ።

የእንስሳቱ ረሃብ፣ ጥማት፣ የባልንጀራ ናፍቆት ሳይቀር ተለክቶ በመስመር ይታያል። የአንዷ ተኩላ መስመር ሲቀላ «ኧረ ጓደኛ ግዛላት፣ በብቸኝነት ልታልቅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ታች ፎቅ ያሉት እትዬ ልጆቻቸው ከሄዱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ አንድ ቀን ቡና ጠርቻቸው አላውቅም። ምን ላድርግ፣ እሳቸው ላይ መስመሩ አይታይም።

ጎሪላዎቹ አለቃ አላቸው። ጎረምሳው ሲጠና ከአለቃው ጋር ይያያዛል፤ ያሸነፈ ይሾማል። «አክስቴ፣ አልፋ ነው የሚባለው» አለኝ። እኛ ሰፈር የእድር ሊቀመንበር ነው የሚባለው። ደግሞ የጎሪላው ምርጫ በአንድ ግብግብ ያልቃል፤ የእኛው ጥምቀት ላይ ተጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም እየተባለ ፋሲካ ደርሷል።

ጣዎሶቹንስ አታንሱብኝ። ጥንድ ገዝቶ ሻይ ሊያፈላ ተነሳ፤ ሲመለስ ግቢው ጢም ብሏል። ወዲያው ማስጠንቀቂያ መጣ፦ ዘመዳሞች እየተዋለዱ ነው! «ሰባት ቤት ሳትቆጥር ነው እንዴ የምትድረው?» ስለው የጣዎሱን የዘር ሐረግ ከነሥዕሉ ዘረጋልኝ። እኔ አራተኛው አያቴ ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል።

ልጁ ግን አልረካም። የአንዱ ዝርያ እንስሳት ጠባይ ተመሳሰለበትና፣ ወደፊት ለሚሠራው ጨዋታ ለእያንዳንዱ የራሱን አመል ደብተር ላይ መጻፍ ጀመረ። እኔም አማካሪ ሆንኩ። ጅቡ ሳይጠሩት ድግስ ይደርሳል። ሰጎኗ ሰላምታ ካልቀደሟት አትመልስም። ዝንጀሮዋ የተዋሰችውን ድስት አትመልስም፣ ያዋሰችውን ወንፊት ግን በየሳምንቱ ትጠይቃለች። እርሳሱን አስቀምጦ «አክስቴ፣ እንስሳ ነው የምታወሪልኝ ወይስ ፎቅ በፎቅ እየወረድሽ ነው?» አለኝ።

ወደ ጨዋታው ተመለስን። ዓይን አፋሮቹ እንስሳት ጎብኚ ሲያፈጥባቸው ይጨነቃሉ። መላው ልዩ መስታወት መግጠም ነው፤ ጎብኚው ያያል፣ እንስሳው ጎብኚውን አያይም። «ይሄን የፈጠረ ይባረክ! ግን ከየት መጣለት?» ስል ልጁ ምንም አልመለሰም። ብቻ ቀና ብሎ የሳሎኑን መጋረጃ፣ ቀጥሎም ከመጋረጃው ጀርባ ጎላ ብላ የምትታየውን በርጩማዬን አየ።