እንጨት ተደርድሮ አይወድቅም

በፈረንጆቹ ሜይ 1 ቀን 2000 ፕሬዝዳንት ክሊንተን አንድ ትእዛዝ አስተላለፉ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ለተራው ሰው የሚልኩትን ምልክት ሆን ብሎ ማዛባት ይቅር አሉ። እስከዚያ ድረስ መሣሪያው «እዚህ ነህ» ሲል እስከ መቶ ሜትር ሊስት ይችል ነበር። መርከብና አውሮፕላን ተደሰቱ፤ ሳይንቲስቱም ተደሰተ። የኦሪገኑ ዴቭ አልመር ግን ባልዲ አነሣ።

ሜይ 3 ቀን ቢቨርክሪክ አጠገብ ካለ ጫካ ገብቶ መጽሐፍ፣ ቪዲዮ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራም፣ ጥቂት ገንዘብ፣ ወንጭፍና አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ባልዲው ውስጥ ከተተ። ባልዲውን በከፊል መሬት ውስጥ ቀበረና መገኛውን በኢንተርኔት ለቀቀው። በቀናት ውስጥ ተገኘ፤ ጂኦካሺንግ የሚባለውም ጨዋታ በዚሁ ተጀመረ። የሚገርመው፣ ያ ባልዲ ዛሬ ለምዝገባ ቢቀርብ ውድቅ ይሆናል። በዛሬው ደንብ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ቆፍሮ መቅበር ክልክል ነው፤ አውሬ ስለሚስብ ምግብ ማስቀመጥም ክልክል ነው። መሥራቹ በራሱ ጨዋታ ፈተና ወድቋል ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄረሚ አይሪሽ የተባለ ሰው 75 እንዲህ የተደበቁ ሳጥኖችን መዝግቦ ድረ ገጽ ከፈተ። አሁን በዓለም ዙሪያ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሳጥኖች ተደብቀዋል። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው ድርጅት የሚገኘው ሲያትል ነው፤ ያች ቡናም ዝናብም ሐበሻም የማይጠፋባት ከተማ።

ሕጉ አጭር ነው። ሳጥኑን ፈልግ፣ ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ፈርም፣ በነበረበት መልሰህ ደብቅ። ከውስጡ መጫወቻ ቢጤ ከወሰድክ ዋጋው የማያንስ ነገር ተካ። እስክሪብቶ ከቤትህ ይዘህ ሂድ፤ ይህን የሚረሳ ጀማሪ አይጠፋም፣ አንዳንዱም በጭቃ ሊፈርም ይሞክራል።

ችግሩ የሚመጣው የመጨረሻዎቹ አምስት ሜትሮች ላይ ነው። ሃያ ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች ተባብረው ሰውየውን ከዛፉ ሥር ያደርሱታል። ከዚያ በኋላ ግን በእርጥብ ቅጠል መካከል የስልኩ ቀስት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ ጀማሪውም እሱን ተከትሎ ይዞራል። ልምድ ያላቸው እዚህ ላይ ሲደርሱ ስልኩን ኪሳቸው ይከቱታል። እያንዳንዱ ሳጥን ለአስቸጋሪነቱና ለመንገዱ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጠዋል፤ ለጀማሪ ከሁለት ያልበለጠው ይበቃዋል። የጠፈር ጎብኚው ሪቻርድ ጋሪየት በ2008 ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ አንድ አስቀምጧል። እሱን በጡረታ ጊዜ ማሰቡ ይሻላል።

ከሳተላይቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጎረቤት ነው። በ2011 እንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በምትባል ከተማ፣ ካፌ ደጃፍ ተሸጉጦ የነበረ የፕላስቲክ ሳጥን ቦምብ መስሎ ታየና የቦምብ አምካኞች መጥተው አፈነዱት። ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚርመሰመሰው ሰው ጥቁር ሲሆን ደግሞ ለፖሊስ የሚደውለው ጣት ይፈጥናል፤ ጥቁር ተጫዋቾች ራሳቸው የሚያወሩት ነው። ስለዚህ ሐበሻ ጀማሪ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚንሸራሸርበት መናፈሻ ቢጀምር መልካም ነው። እናቱን ይዞ ቢሄድ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው።

አንድ የሲያትል ጀማሪ እንዲያ አደረገ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁት የመጡ እናቱን መናፈሻ ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ።

«ምን ወደቀብህ?» አሉ እናት።

«ምንም አልወደቀብኝም እማዬ፤ ሰው የደበቀው ሳጥን ነው የምፈልገው።»

«ማን ነው የደበቀው?»

«አላውቀውም።»

«ስታገኘውስ ምን ይሰጡሃል?»

«ምንም። ስሜን ጽፌ መልሼ እደብቀዋለሁ።»

«ወይ ሥራ መፍታት!» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ። «ተው ልጄ፣ ሰው የተወውን ዕቃ አትንካ!» መስቀለኛ መንገድ ላይ የተጣለ ጭዳ እየዞሩ ማለፍን ተምረው ላደጉ እናት፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ሳጥን በደስታ የሚከፈት ነገር አይደለም።

ልጅየው ግን አልሰማም። ግንዱን ዞረው፣ ድንጋዩን ገለበጠው፣ ጉድጓድ መስሎት የጉንዳን ቤት ውስጥ እጁን ከተተ። በመጨረሻ እናት ሲመለከቱት ደክሟቸው ተነሡና በጃንጥላቸው ጫፍ ወደ አንድ ዛፍ ሥር ጠቆሙ። አምስት ስድስት ጭራሮ ጎን ለጎን ተጋድሟል፤ ርዝመቱ እኩል፣ ጫፉ ወደ አንድ አቅጣጫ።

«እንጨት ከዛፍ ሲወድቅ እንዲህ ተደርድሮ አይወድቅም» አሉ።

ሳጥኑ ከሥሩ ነበር። ባለሙያዎች ለጀማሪ የሚሰጡት ትልቁ ምክርም ይኸው ነው፦ ተፈጥሮ የማትሠራውን ሥርዓት ፈልግ። እኚህ ሴት ግን ጥበቡን ያወቁት በልጅነታቸው ጭራሮ ሲለቅሙ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ የላስቲክ እንቁራሪት፣ ቁልፍ መያዣና መዝገብ ተገኘ። እናት በእንቁራሪቷ ምትክ ከቦርሳቸው ዳቦ ቆሎ ሊያኖሩ ሲሉ ልጃቸው ደንቡን አስረዳቸው፤ ቅር እያላቸው አንዲት የፀጉር ማስያዣ አኖሩ። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀብለው፣ ስማቸውን እስከ አያት ዘርግተው ጻፉና ከሥሩ «ሐምሌ 14 ቀን 2016» ብለው አሰፈሩ።

ሳጥኑ የተደበቀው በፈረንጆቹ 2019 ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለሳጥኑ መዝገቡን ለመቀየር መጣና በመተግበሪያው በኩል ለልጅየው ትሕትና የተሞላ መልእክት ላከ። «ጽሑፉን ማንበብ አልቻልኩም፣ ግን እኔ ከመደበቄ ሦስት ዓመት ቀደም ብለው እንዴት ሊያገኙት ቻሉ?»