ኮሶ የማያውቅ ትውልድ

ወገኖቼ፣ ዘንድሮስ ምሬትም ቀረ! ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳልሜ አጥሩ ሥር ቁጭ ስል፣ ወጣቱ በጠዋቱ ዳገቱን ይሮጠዋል። አሠልጣኝም አለው አሉ። ኮሶ ቢጠጣ ኖሮ ያለ አሠልጣኝ ይሮጥ ነበር!

በእኛ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ የሆዱን ትል ለማስወጣት በየወሩ ሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። የሴቴው የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ ግጥም! «ጌቶች ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ባለ ዕዳውም ባለ ጉዳዩም ከደጅ ይመለሳል። ዛሬ ለአንድ ቀን ዕረፍት ማመልከቻ ጻፍ፣ ማኅተም አስመታ!

መጠኑን ትሉኛላችሁ? እናቴ በእፍኟ ትሰፍር ነበር፤ እፍኝ ደግሞ አይዋሽም። እርግጥ የአክስቴ እፍኝ የእናቴን ሁለት ያህላል። አክስቴ የሰፈረችለት አጎቴ ሰንብቶ ከአልጋው ሲነሣ ዓይኑ ፈዞ ነበር፤ እስኪሞት በሰው እጅ ተመራ። ትል ግን ዳግመኛ አልደረሰበትም፤ እንደሱ ያለ ጤነኛ አላየሁም!

የዛሬ ሐኪሞች ግን ምን የማይሉት አለ! ኮሶ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ጽንስ ያስወርዳል፣ የአበባው ጉልበት ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፣ ሲቆይም ይደክማል፤ ስለዚህ እፍኝም ማንኪያም አያስተማምንም ይላሉ። ፈረንጆች እንኳ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመድኃኒት መጽሐፋቸው ሲያስገቡት እየመዘኑ ነበር አሉ። ፈሪዎች!

አሁን በምትኩ ፕራዚኳንቴል የሚሉት ክኒን መጣ። በቀደም ለእኔም ታዘዘልኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ሚዛን ላይ አቆመኝ፤ እንደ በግ! አንዴ ዋጥኩት፣ ትሉ ለቀቀኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሽሮ ሜዳ ወርጄ ጋቢ ገዛሁ። ታዲያ ይኼ መድኃኒት ነው? ፊቴን እንኳ አላጨማደደኝም! ሰው ሳይሠቃይ እንዴት ዳንኩ ይላል?

ኮሶ ልልቀም ብልስ፣ የእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ መፈንጫ ሆነ። የአውስትራሊያ ዛፍ! ቤቴ የቆመው በእሱ ማገር ነው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እናንተ የዘመን ተጠቂዎች፣ ስሙኝ፤ ወደ ኮሶ ተመለሱ። ነፍሰ ጡር ግን አትጠጣ፣ ዓይኑ የደከመም አይሞክር፣ ሕፃንም አይቅመስ። የቀራችሁት ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።