ርችቱ ሲቀድም

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1858 አጋሜምኖንና ናያጋራ የተባሉ ሁለት መርከቦች ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ በውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ሽቦ ዘርግተው ጨረሱ። የብሪታንያ ንግሥት ቪክቶሪያም ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን 98 ቃላት ላኩ። ለመድረስ የፈጀባቸው 16 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እነሆ የመብረቅ ፍጥነት! (ከመርከብ ፖስታ መቅደሙን ግን አንክድም።)

ኒውዮርክ ደስታዋን መቻል አቃታት። ርችት ተኮሰች፤ ፍንጣሪው የገዛ ማዘጋጃ ቤቷን ጉልላት አቃጠለ። ቲፋኒ የተባለው ጌጣጌጥ ሻጭ ደግሞ ከመርከቡ የተረፈውን ሽቦ ገዝቶ፣ አራት አራት ኢንች እየቆረጠ በ50 ሳንቲም ቸበቸበው። ከዚያ ሁሉ ሽቦ ሳይበላሽ የከረመው ይኸው በየሳሎኑ የተቀመጠው ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም።

የባሕሩማ ታመመ። የፊዚክስ ሊቁ ዊልያም ቶምሰን ደካማ ምልክት በትንሽ መስታወት የሚያነብ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ ግን እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ማን ይሰማል? ሽቦውን ያዘረጋው ኩባንያ የኤሌክትሪክ ኃላፊ ዋይልድማን ዋይትሃውስ ሁነኛ መድኃኒት ነበራቸው፦ ኃይል መጨመር። ሰውየው በትምህርታቸው የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። ወደ 2,000 ቮልት ለቀቁበት፤ በሽተኛው ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላው አረፈ።

ሴፕቴምበር 1 ቀን ኒውዮርክ በይፋ ሰልፍ አደባባይ ስትወጣ ሽቦው ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ላይ ነበር። ሰልፉ ግን አልተሰረዘም፤ ባንዲራው ተሰፍቷል፣ ግብዣው ተሰናድቷል። ጥቂት ቆይቶ «ድሮስ መች ሽቦ ተዘረጋና!» የሚል ተጠራጣሪ በዛ። የሚሠራ አዲስ ሽቦ እስከተዘረጋበት እስከ 1866 ድረስ የሚመልስለት አልተገኘም።