ቁልፉን የያዘው ሰው ወጥቷል

ለብርቅ መጻሕፍትና ለመዛግብት ንባብ ክፍሎቻችን እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና ያቀረበ ሰው የለም። ይህ ግፍ ነው። የወረቀት ጠላቶች ብዙ ናቸው፤ ምስጥ አለ፣ አይጥ አለ፣ የሚያፈስ ጣሪያ አለ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ድል የተመታው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም አንባቢ ይባላል። ምስጡ ያለ ደብዳቤ ይገባል። ዝናቡ ክረምት በመጣ ቁጥር ያለ መታወቂያ ይገባል። አንባቢ ግን ዝር አይልም። እንዲህ ያለ የተሟላ ድል ያስመዘገበ መሥሪያ ቤት ካለ ይጠቆመን፤ ሜዳልያውን እናካፍላለን።

ድሉ እንዴት እንደሚገኝ ለማየት ከምዕራብ ሐረርጌዋ መቻራ የምትነሣ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ በየዓመቱ እየተለዋወጠች የምትመጣ ናትና። የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ጨርጨር ቡናና ግብር ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ቅጥቅጥ ትሳፈራለች፤ በገለምሶና በበዴሳ አድርጋ አሰበ ተፈሪ፣ ማለትም ጭሮ ትወርዳለች፤ ከዚያ በሚኤሶና በአዋሽ አድርጋ አዲስ አበባ ትገባለች። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። በማግስቱ ጠዋት አንድ ንባብ ክፍል በር ላይ ቆማለች።

«ደብዳቤ ይዘሻል?»

«አዎ ጋሼ፣ ከዲፓርትመንቴ።»

«ለማን ነው የተጻፈው?»

«ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው።»

«እሱማ አይሠራም እህቴ።»

እውነታቸውን ነው። ለሚመለከተው ሁሉ የተጻፈ ደብዳቤ ማንንም በማይመለከት ጉዳይ ላይ ምን ይሠራል? ስለዚህ ደብዳቤው እንደገና ይጻፋል። ለዳይሬክቶሬቱ በስሙ መጻፍ አለበት፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ ፊርማው ሥር ቲተር ይመታ፤ ማኅተሙ ደግሞ ፊርማውን ይንካ። ልጅቷ ደውላ፣ ለምና፣ በቴሌግራም ታስልካለች። በቴሌግራም የመጣ አይቀበሉም፤ ኦሪጅናሉ ይቅረብ። ኦሪጅናሉ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይመጣል፣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ይመራል። ለማን እንደተመራ ስትጠይቅ መልሱ «ተመርቷል» ነው። በመጨረሻ ሁሉም ነገር ተሟልቶ፣ የሚጠየቅ ወረቀት ሁሉ አልቆ፣ እምቢ የሚባልበት ምክንያት ሲጠፋ፣ የመጨረሻው ምሽግ ይገለጣል፦

«ቁልፉን የያዘው ሰው ወጥቷል።»

ይህ ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ካልሆነም ሥልጠና ላይ፤ ካልሆነም ለቅሶ ደርሶ አልተመለሰም። ትርፍ ቁልፍ የለም ወይ? አለ እንጂ። የተቀመጠው ግን ውስጥ ነው።

ዕድል ቀንቷት ሰውየው ቢመጡ እንኳ ካታሎጉ ይጠብቃታል። በሌላው ዓለም ካታሎግ የተሠራው አንባቢ ምን እንዳለ አይቶ እንዲጠይቅ ነው። እኛ ዘንድ አንባቢ የፋይሉን ቁጥር ይዞ መምጣት አለበት፤ የፋይሉን ቁጥር የሚያገኘው ደግሞ ፋይሉን ካየ በኋላ ነው። እውነተኛው ካታሎግ ያለው በአንድ አንጋፋ ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ጡረታ ሲወጡ ኬክ ይቆረሳል፣ ጋቢ ይለብሳሉ፣ ይጨበጨባል፤ ካታሎጉም ጋቢውን ለብሶ አብሯቸው ይወጣል።

ደንብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ብርቅ መጽሐፍ የሚያስነብብ ቤት ሁሉ ጥብቅ ደንብ አለው። ቦርሳ ከውጭ ይቀመጣል፤ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ አይጻፍም፤ ሳጥን የሚሰጠው አንድ በአንድ ነው፤ ፎቶ ያለ ፍላሽ ይነሣል፤ ጥራዙ እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ ትራስ ይደረግለታል። እያንዳንዱ ክልከላ ምክንያት አለው። የእርሳስ ጭረት በላጲስ ይለቃል፣ የእስክሪብቶ አይለቅም። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ከተከፈተ ከአንዱ የወጣች ወረቀት ሌላው ውስጥ ትገባና የሚያገኛት ይጠፋል። ክልከላው የሚጠብቀው ዛሬ የተከፈተውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ነገ የሚመጣውንም አንባቢ ነው። እኛ ክልከላውን ሁሉ ተቀብለን ማስነበቡን ብቻ ተውነው። ጉዳዩ እንዴት ቀለለ! ማንም የማይገባበት ክፍል ውስጥ በእስክሪብቶ የሚጽፍ የለም።

በዚህ ላይ የጓንት ሥነ ሥርዓት አለ። ባለሥልጣን ወይም እንግዳ ሲመጣና ካሜራ ሲቆም ነጭ ጓንት ይጠለቃል፣ ብራናው ይገለጣል፣ «ሀብታችን» ይባላል፣ ይዘጋል። ትልልቆቹ ቤተ መጻሕፍት ግን ወረቀትና ብራና በንጹሕና በደረቅ እጅ ይገለጥ ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ገጽ ያስቀድዳል። የእኛዎቹ ካህናት ይህን ማንም ሳይነግራቸው ዳዊታቸውን ከማኅደሩ እያወጡ በባዶ እጃቸው ሲደግሙ ኖረዋል፤ የሐረርና የጨርጨር ደረሳም ኪታቡን ታቅፎ ሲቀራ ኖሯል። መጻሕፍቱም ከአባት ወደ ልጅ ደርሰዋል። በየቀኑ የሚነበብ መጽሐፍ ሲያረጅ ይታያል፣ ሲቀደድ ይጠገናል፣ ሲያልቅ ይገለበጣል። ያልተነበበ መጽሐፍ መበላቱ የሚታወቀው ከተበላ በኋላ ነው።

ታሪክን ካየን ደግሞ አጥብቆ መጠየቅ ማንን እንደሚያስቀር ይገባናል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርስ የትብብር ደብዳቤ አልያዘም። ምርኮውን ግን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ ወረደ፤ 350 ገደማ የሚሆኑ ብራናዎችም ለንደን ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1932 ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ ጉዞ ጎንደር ሰፍሮ የሰበሰባቸው ብራናዎች ፓሪስ ናቸው። ደብዳቤ በመጻፍ ረገድ ታሪክ የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛን ነው። በ1864 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኩርዓተ ርእሱ የተባለችውን ሥዕል ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሏ አልተመለሰችም። የንጉሠ ነገሥት ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ግማሽ ፈቃድ ካስገኘ፣ የመቻራዋ ልጅ የዲፓርትመንት ማኅተም ይዛ ምን ብላ ልታማርር ነው?

ፌዙ እዚህ ላይ ይብሳል። እነዚያ የጎንደር ብራናዎች ያሉበት የፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ብዙ የኢትዮጵያ ብራናዎቹን ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቶ ጋሊካ በተባለው የበይነ መረብ ቤተ መጻሕፍቱ በነጻ ያስነብባል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የብራና ማይክሮፊልም ሥራ ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ፎቶ ተነሥተው፣ ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ሄዶ፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለአሠርት ዓመታት ተቀምጠው ካታሎግ ሠርተውላቸዋል። ዛሬ በኢሜይል የተመዘገበ ሰው በስልኩ ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ መቻራ ቁጭ ብላ፣ ኔትወርክ በፈቀደ ሰዓት፣ የሸዋን ብራና ከሚኒሶታ፣ የጎንደርን ከፓሪስ ማንበብ ትችላለች። የጨርጨርን የግብር መዝገብ ለማየት ግን ቁልፉን የያዘውን ሰው ትጠብቅ። «የተዘረፈ ቅርሳችን ይመለስልን» እያልን እንጮኻለን፤ ደግ ጩኸት ነው፣ ይቀጥል። ቢመለስ የት ይነበባል ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ አገሯ ብትመለስ መዝገብ አታጣም፤ መቻራ ራሷ አላት። በከተማዋ ዙሪያ አቸሬን የመሳሰሉ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች አሉ። በውስጣቸው ከጣሪያ በሚንጠባጠብ ውሃ ከመሬት ወደ ላይ የሚያድጉ ስታላግሚት የተባሉ ድንጋዮች ቆመዋል። አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት የአንዱን ንጣፎች አንድ በአንድ አንብበው የጥንቱን ዝናብ ታሪክ ፈልገውበታል። የዘርፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ድንጋይ የአየር ንብረት መዝገብ ይሉታል። ወረዳው መቼም ተመራማሪዎቹን ደብዳቤ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ ዋሻው ግን አልጠየቀም። በሺህ ዓመታት የሚቆጠር ዕድሜ ያለው መዝገብ በጨለማ ውስጥ ተነበበ፤ የ60 ዓመቱ የግብር ደብተር መብራት ባለበት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

«መጽሐፍ ይሰረቃል፣ ገጽ ይገነጠላል» የሚል መልስ ይመጣል። እውነት ነው፣ ይሰረቃል። ነገር ግን ስሙን፣ መታወቂያውንና የገባበትን ሰዓት አስመዝግቦ፣ በተቆጣጣሪ ፊት የተቀመጠ ሰው ለሌብነት የማይመች ቦታ ላይ ነው ያለው። ሌባ የሚወደው ያልተቆጠረውን መደርደሪያ ነው። ካታሎግ የሌለው ቤት ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ምንም ነገር አይጠፋበትም። ያልተመዘገበ ነገር ጠፋ ብሎ ሪፖርት የሚያደርግ የለምና፣ በየዓመቱ «የጠፋ፦ የለም» ተብሎ ይፈረማል።

እሳትም ደብዳቤ አይጠይቅም። ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከተራራ የወረደ ሰደድ እሳት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ንባብ ክፍል በላው። የአፍሪካ ጥናት መጻሕፍት በአሥር ሺዎች ነደዱ። እዚያ ቤት አንባቢ ይገባ ነበር፣ ካታሎግ ነበር፣ ምድር ቤቱን ከነበልባል የከለለ የእሳት መዝጊያም ነበር። በዚህም የተነሣ ምን እንደጠፋና ምን እንደተረፈ ማወቅ ቻሉ፤ አስቀድሞ በዲጂታል የተቀዳውም ቅጂው ቀረላቸው። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ነገር ቢደርስ፣ አይድረስና፣ የተቃጠለውን ለመዘርዘር እንኳ ጡረታ የወጡትን አንጋፋ ፈልጎ ማምጣት ግድ ይሆናል።

ሽሙጡን እዚህ ላይ ልግታው። ይህ አገር ማስነበብ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 በሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተርነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ መጻሕፍትና ብራናዎች ሰብስቦ ትውልድ አስነብቧል። የጨርጨር ገዥ የነበሩት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ፣ ዛሬ ጭሮም ሆነ መቻራ ያለ ሰው ገዝቶ ያነበዋል። የቀድሞው አውራጃና ወረዳ ጸሐፊዎች የጻፉት ደብዳቤ ግን አልታተመም፤ የቀረ ካለ ያለው ከተሰበረ ወንበርና ከአሮጌ ጎማ ጋር መጋዘን ውስጥ ነው። ብዙ እንዲህ ያለ ወረቀት ሱቅ ገብቶ ስኳርና በርበሬ እንደተጠቀለለበት በየከተማው የምናውቀው ነው።

የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። ያለው ይቆጠር፣ ዝርዝሩም በር ላይ ይለጠፍ። ተማሪ በስልኳ ያለ ፍላሽ ፎቶ እንድታነሣ ይፈቀድላት፤ ቅጂውንም ለቤቱ ትተውለት። ቁልፍ ሁለት ይሁን፣ ሁለተኛውም ከውጭ ይቀመጥ። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ጭሮ ላይ ነውና የምዕራብ ሐረርጌን አሮጌ ወረቀት ከየመጋዘኑ ለመሰብሰብ ከእሱ የቀረበ የለም፤ ይህን ሥራ ቢይዘው የመቻራ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር አትንከራተትም።

ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም «እሺ ነገ እመለሳለሁ» ማለት ይብቃችሁ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የምትፈልጉትን በጽሑፍ ጠይቁ። እምቢ ካሏችሁም እምቢታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ቲተር ይመታበት፣ ማኅተሙም ፊርማውን ይንካ።