ነገረ ደባል ዘሞያሌ

ስለ ጋብቻ፣ ስለ ክርስትና አባትነት፣ ስለ ማኅበር አባልነት፣ እንዲሁም ስለ በቅሎ ግዢ ያገር ሽማግሌዎች ብዙ ሲመክሩና ሲያስተምሩ ኖረው ሳለ፣ ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ሰውን ከሌሊት እንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ጉዳይ፣ ማለት በአንድ ጣራ ሥር አብሮ ለመኖር የሚበቃውን ደባል የመምረጥ ጉዳይ፣ ወንበር ተዘርግቶለት ሳይመረመር መቅረቱ የዕውቀት ወዳጆችን ሁሉ የሚያሳዝን ነው። ይህን ጉድለት በአቅማችን ለመሙላት ስንነሣ ለምርምሩ የመረጥነው ሥፍራ ሞያሌ ነው፤ ያውም ከኬላው ወዲህ፣ በኬንያ በኩል ያለው። በሌላ ከተማ ደባል ማለት ክፍል የሚካፈል ሰው ሲሆን፣ በሞያሌ ግን የዘመን አቆጣጠሩን፣ ገንዘቡን፣ ጾሙን፣ የመንገዱን ቀኝና ግራ ሳይቀር በሻንጣው ይዞ የሚገባ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከነሙሉ ክብደቱ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

የደባልነት ታሪክ በዚህች ከተማ ከከተማይቱ ዕድሜ ጋር እኩል ነው። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ወሰኑ በተፈራረሙት ውል፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ነገዶች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ ለመጠቀምና በአቅራቢያው ካሉት ጉድጓዶች ውሃ ለመቅዳት መብት እንዳላቸው፣ በተሻገሩ ጊዜ ግን ለዚያኛው ወገን ሹም እንዲታዘዙ ተጽፏል። ሕግ ዐዋቂዎች ይህን የወሰን ውል ይሉታል። እኛ ግን በጥሞና ስንመረምረው ፍጹም የሆነ የደባል ውል ሆኖ አግኝተነዋል፤ ሣሩ የጋራ ነው፣ ውሃው የጋራ ነው፣ ቁጣው ግን የባለ ቤቱ ነው። በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የገባው ቀዳማዊ ደባል ደግሞ ለእንግሊዞች የድንበር ተቆጣጣሪ ሆኖ ያገለገለው ፊሊፕ ዛፊሮ ነበር፤ ይህ ሰው በትውልዱ ግሪክ ሆኖ፣ የእንግሊዝን ደመወዝ እየበላ፣ በቦረና ምድር ላይ ምሽግ ሠርቶ፣ ምሽጉን አዲስ አበባ በተቀመጠው በእንግሊዙ መልእክተኛ በሐሪንግተን ስም ፎርት ሐሪንግተን አሰኘው። ደባል ሆነው በገቡበት በር ላይ የሦስተኛ ሰው ስም መለጠፍ ከዚያ እንደ ጀመረ እንገምታለን። ጣሊያኖችም በሐምሌ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዙን ሞያሌ ከብበው ከያዙ በኋላ እስከ የካቲት 1933 ዓ.ም. ሰባት ወር ያህል ያለ አንዳች ቀብድ ተቀምጠው፣ የለቀቁትም ጦር ሲገፋባቸው እንጂ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስላልነበረ፣ ለቅድሚያ ክፍያ አስፈላጊነት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በመሠረቱ የምርጫው ጥበብ ተጠብቃ የቆየችው ከኬላው ወዲህ ነው። ማዶ ባለው ሞያሌ ትርፍ ቤት የነበረው ሰው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቱን ሲያስረክብ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትም ቤቶች በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ጥቂት እርምጃ ወዲህ ያለው ዘመዱ ቤቱን ከነቁልፉ እንደያዘ ቀረ። ስለዚህ በማዶ ለብዙ ዘመን ተከራይ የሚመርጠው ሊቀ መንበር ሲሆን፣ በወዲህ ግን ያው ምስኪን ባለ ቤት ነው።

ባለ ቤቱ ክፍል ማከራየት መፈለጉ በተሰማ ዕለት ከፊቱ የሚቆመው ደላላ ነው። በደላላ አንደበት የአዳም ልጅ ሁሉ ጨዋ፣ ጭምት፣ ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ የሚል ነው፤ ደላላ በጥባጭ ሰው አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የእርሱን ምስክርነት እንደ ሰላምታ ቈጥሮ ማለፍና የዕጩውን ቃል ራሱን መመርመር ይገባል። የዕጩ ቃል ግን ያለ ትርጓሜ አይገባም። ለምሳሌ «ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ» የሚለው አንድ ቃል ራሱን የቻለ ጉባኤ ቤት ሊያስከፍት የሚችል ነው። በአባቶቻችን ሥርዓት እንሂድበት። ብቻዬን ነኝ አለ፤ ዛሬ ብቻዬን ነኝ ሲል። አንድም፣ ባለቤቴ ያቤሎ ናት፣ ጥሪዬን ትጠብቃለች ሲል። አንድም፣ ወንድሜ ከሐዋሳ ተነሥቷል፣ እስከ ማክሰኞ አይደርስም ሲል። አንድም፣ ከእኔ ጋር ያሉት ልጆች የጭነት መኪና ረዳቶች ስለ ሆኑ፣ የሚያድሩትም ሲመቻቸው ብቻ ስለ ሆነ፣ በቁጥር አይገቡም ሲል። አንድም፣ በዚህ በኃላፊው ዓለም የሰው ልጅ ሁሉ ብቻውን ነው ሲል። ይህ የመጨረሻው ትርጓሜ ለነፍስ የሚስማማ ሆኖ ሳለ ለውሃ ሒሳብ አይረዳም።

በሰዓት ጉዳይ ሞያሌ የታደለች ናት። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ስለሚቈጥር፣ እዚህ ሰዎች «ዳውን ኬንያ» ከሚሉት አገር የመጣው መምህር «ሳ ታቱ» ሲል፣ ከዲላ የመጣው ነጋዴም «ሦስት ሰዓት» ሲል፣ ሁለቱም የሚናገሩት አንዱን ሰዓት ነው። ሰላሙን ያደፈረሰው የእጅ ስልክ ነው፤ ስልክ በዚያው ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ብልህ ደባል ውሉ ላይ የመግቢያው ሰዓት በስልክ አቈጣጠር «9» ተብሎ እንዲጻፍ ይለምናል፤ ከዚያ ሌሊቱን በዘጠኝ ሰዓት በሩን እያንኳኳ ወረቀቱን በቀዳዳው ያሳልፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የዘመን አቈጣጠሩ ነው። በኬንያ ሕግና ልማድ ዓመቱ ዐሥራ ሁለት ወር ሲሆን፣ የሐበሻ ደባል ዐሥራ ሦስተኛይቱን ወር ይዞ ይገባል። ጳጉሜን ኪራይ እንደማይከፈልባት ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ይህን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንጂ እንደ ልማድ አያየውም። ሊቁ ደባል ግን በዚህ አይወሰንም። ሠላሳ አንድ ቀን ያለው የፈረንጅ ወር በሆነ ጊዜ ኪራዩን በፈረንጅ አቈጣጠር፣ በወሩ መጨረሻ ይከፍላል፤ ፌብሩዋሪ ሃያ ስምንት ሆኖ በመጣ ጊዜ «እኛ ወራችን ሠላሳ ነው» ብሎ ወደ አባቶቹ ይመለሳል፤ ጳጉሜን ስትገባ ደግሞ ከእርሱ የበለጠ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ነገሩን በሒሳብ ብናየው፣ በየዓመቱ አምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ስድስት ቀን የሚተርፈው ሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ በነፃ ይቀመጣል። አንድ የቡትዬ ሠፈር ባለ ቤት ይህን ባወቀ ጊዜ ጳጉሜንን በእንግድነት ሒሳብ አስገብቶ፣ ደባሉን በእነዚያ ቀኖች ምሳ እየጋበዘ፣ ለምሳው ግን ማስከፈል ጀመረ፤ ጠቡ እስከ አሁን በሽማግሌ እጅ ነው።

ኪራዩ በዘገየ ቍጥር ዝምድናው እየጠበቀ መሄዱንም ታዝበናል። በመጀመሪያው ወር «ጋሼ» የነበረው በሁለተኛው «አባቴ» ይሆናል፤ ከዳውን ኬንያ የመጣው መምህርም በበኩሉ «ላንድሎርድ» ብሎ ጀምሮ፣ በ«ሙዜ» በኩል አልፎ፣ ሦስተኛው ወር ላይ «ባባ» ዘንድ ይደርሳል። ኤም-ፔሳ ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ ይከፈላል ቢባልም፣ በሞያሌ ስልክ የሁለት መንግሥት መስመር እየተሻማ ስለሚይዘው፣ ኪራይ በሚከፈልበት ቀን የደባሉ መስመር ማዶ ተሻግራ ትውላለች።

ስለ ውሃ በሰፊው መናገር ግድ ነው፤ ሞያሌ በውሃ ጥም የታወቀች ከተማ ናትና። እዚህ ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ፣ በቢጫ ጀሪካን ነው፤ የደባልም ጠባይ የሚለካው በጀሪካን ነው። በሄሉ ሠፈር የሚኖሩ አንዲት እትዬ ለዚህ የፈለሰፉት ፈተና በቀላልነቱም በጥልቀቱም የሚደነቅ ነው። ዕጩውን ስለ ሥራውም ስለ ዘመዱም አይጠይቁትም፤ ምሳ ያቀርቡለታል። ከምሳው በፊት ጆጉን አንሥተው፣ ማስታጠቢያውን ከሥር ይዘው፣ ውሃውን እንደ ክር አቅጥነው ያፈስሱለታል፤ ዓይናቸውም በእጁ አንጓ ላይ ነው። ጣቶቹን ብቻ አጣጥቦ በሁለተኛው መዞር «ይበቃኛል፣ እትዬ» ብሎ እጁን ያነሣው ክፍሉን ያገኛል። መዳፉን ከፍቶ እስከ ክርኑ የሚያስወርደው፣ ይልቁንም አፉን ተጕመጥሙጦ «ትንሽ ይጨምሩልኝ» የሚለው፣ ምሳውን በክብር በልቶ በክብር ይሸኛል፤ ለምን እንደ ተከለከለም እስከ ዕለተ ሞቱ አያውቅም። የነጋዴዎች ማኅበር ሰው ሲቀጥር፣ ካህናትም ዲያቆን ሲመርጡ ይህን ፈተና ቢይዙት አይጐዱም ባይ ነን።

መብራቱ ደግሞ ራሱ ደባል ነው። በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከኢትዮጵያ ስለ ሆነ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ኢትዮጵያዊው ደባል ጥፋተኛ እንደ ሆነ አምባሳደር በጨለማ ውስጥ ቆሞ ለመላው ሀገሩ ይወቀሳል፤ «የናንተ ሰዎች ምን ሆኑ?» ይባላል። ከሶዶ ተነሥቶ ሱስዋ የሚደርሰው፣ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ታላቁ መስመር እንኳ የተዘረጋው ለናይሮቢ ሰዎች እንጂ ለእርሱ ክፍል አምፖል እንዳልሆነ ቢያስረዳም የሚሰማው የለም። በአንጻሩ መብራቱ ሲመለስ የሚያመሰግነው አይገኝም።

በወጥ ቤት በኩል ምጣድና የስዋሂሊው ድስት ሱፉሪያ በአንድ ምድጃ መስማማታቸው ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለ ቤቱ ቦረና ወይም ቡርጂ እስላም፣ ደባሉ ኦርቶዶክስ በሆነ ጊዜ የሥጋው ድስት ለየብቻ፣ የሽሮው ግን የጋራ ይሆናል፤ ሽሮ ሃይማኖት የላትም። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ተገናኝተው በዋሉ ጊዜ ብዙ ባለ ቤቶች ከሰል ይተርፈናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር፤ አንዱ ወገን ፀሐይ ስትጠልቅና ከንጋት በፊት፣ ሌላው ከቅዳሴ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ስለሚያበስል ግን ምድጃው ቀንና ሌሊት ሳይቀዘቅዝ ከረመ።

ስለ ሾፌር ደባል ጥቂት ብቻ እንበል። በማዶ በቀኝ፣ በወዲህ በግራ የሚነዳ ሰው፣ ሌሊት በጠባቡ መተላለፊያ ከቤቱ እመቤት ጋር ፊት ለፊት በተገናኘ ቍጥር በየትኛው ሀገር እንዳለ እስኪያስታውስ ድረስ ሁለቱም ቆመው ይጠባበቃሉ። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች መጥተው የመረቁት የጋራ ኬላ ይህን የመሰለውን መጨናነቅ ለመኪኖች ሲያቃልል፣ ለመተላለፊያው ግን የታሰበ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ መመዘኛ የሚሠራው ሰው ሊመርጥ በተቀመጠበት ዓመት ነው። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ማዶ ግጭት ሲነሣ ሰው በብዙ ሺህ እየሆነ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ ግጭቱ ወዲህ ሲነሣ ደግሞ የወዲሁ ሰው በብዙ ሺህ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ ቀድሞ መርማሪ የነበረው ተመርማሪ ሆኖ፣ ትናንት ኪራይ ከጠየቀው ሰው ደጅ ቆመ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ወታደሮች ሲቪሎችን ከገደሉ በኋላ እንደገና ከዚያ ወደዚህ ሆነ። በእነዚያ ቀኖች ደላላ አልተጠራም፤ ቀብድ አልተቈጠረም፤ «ብቻዬን ነኝ» ያለም «ዘጠኝ ነን» ያለም በአንድ በር ገባ። የሄሉዋ እትዬም ጆጋቸውን ሰቅለው ምንጣፋቸውን ዘረጉ፤ በጓዳቸውና በበረንዳቸው ያደረውን ሰውም ሆነ ያለቀውን ጀሪካን ቈጥሮ የያዘ ስለሌለ፣ የጥናታችን ሠንጠረዥ በእነዚያ ዓመቶች ላይ ባዶ ነው።

በዚያ መጋቢት ከገቡት አንዱ ወጣት ወደ ቀየው ሳይመለስ እዚያው ደባል ሆኖ ቀረ፤ ሥራ ያዘ፣ ስዋሂሊ ለመደ፣ ስለ ጳጉሜንም መከራከር ጀመረ። በቅርቡ ለንግድ ወደ ኢሲዮሎ ሊሄድ ሲነሣ ክፍሉን ባዶ አልተወም፤ በሩ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ አቁሞ «ይህ ያክስቴ ልጅ ነው፣ እንደኔ ይዩልኝ፣ እትዬ» አለ። እትዬም ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ ምሳ ሳያቀርቡ፣ «ብቻህን ነህ፣ ልጄ?» ብለው ጠየቁት።

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ወደ ደጅ ወጥተው ባለ ጋሪውን ጠሩና ከነገ ጀምሮ ሦስት ጀሪካን እንዲጨምር አዘዙት።